ከቀለሙ በፊት ስለ ነጩ ጠይቁ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

እዚህ ጎንደር ላይ የቲሸርት ህትመት ለመጀመር ከተነሳችሁ ወጣቶች ጋር ስለተገናኘሁ ደስ ብሎኛል። ከመድረኩ ጀርባ ሳለሁ እንኳን ሦስት ልጆች «የትኛውን ማሽን ልግዛ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ድሮ ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድሙ እላለሁ። ማሽኑ ነጭ ያትማል? ካተመስ ያንን ነጭ በየቀኑ ማን ይንከባከበዋል?

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የጥምቀት ትእዛዝ መጣልኝ። አርባ ቲሸርት ነው። ታቦት አጅበው ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርዱ የሰፈር ልጆች ናቸው ያዘዙት። ዲዛይኑ የግንቡ ፎቶ ነበር፤ ከነሰማዩ፣ ከነዛፉ። እኔ ያለኝ የሰብሊሜሽን ፕሪንተር ብቻ ነው፤ ዲዛይኑ ወረቀት ላይ ይታተምና በሙቀት ወደ ጨርቁ ይሻገራል። ነጭ የጥጥ ቲሸርት ከገበያ ገዛሁ። ስተኩሰው ቀለሙ የያዘ መሰለኝ። ትንሽ ፈዘዝ ቢልም አስረከብኩ። ልጆቹ ከበዓሉ በኋላ ሲያጥቡት ግንቡ ከውሃው ጋር ሄደ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። ለማስታወሻ ሊያስቀምጡት አስበው ነበርና ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። የሰብሊሜሽን ቀለም 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሞቅ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ የፖሊስተር ክር ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ጥጥ ግን አይዘውም። ነጭ ቀለም የሚባል ነገርም የለውም፤ ስለዚህ ጥቁር ቲሸርት ላይ አይታይም። ነጭ ፖሊስተር ከሆነ ግን በጣም እወደዋለሁ። በእጅ ሲዳሰስ አይታወቅም፣ አይሰነጠቅም። ማልያ ለመሥራት ያሰበ ሰው እሱን ይያዝ።

የጨርቁን ዓይነት ሻጩ ስለነገራችሁ ብቻ አትመኑ። ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጠር የመሰለ እንክብል ይሠራል። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ታያላችሁ።

ወደ ነጩ ልመለስ። የድሮ ሠዓሊዎቻችን እንጨት ላይ ቅዱሳንን ሲስሉ መጀመሪያ ነጭ መደብ ይቀቡ ነበር። ቀለሙ የሚፈካው በዚያ ነው። ጥቁር ቲሸርትም እንደዚያው ነው። ከሥሩ ነጭ ካልተነጠፈ ቢጫው ቢጫ አይሆንም።

ሲልክ ስክሪን ቀለሙን ፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ወንፊት እየገፉ ማተም ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ይፈልጋል። ፎቶ ከሆነ በአራት ቀለም ነጠብጣብ ይከፋፈላል፤ ለጥቁር ቲሸርት አምስተኛ ፍሬም ለነጩ ይጨመራል። አምስቱም አንዱ ባንዱ ላይ ልክ መግጠም አለባቸው። ለአሥር ቲሸርት ይህን ያህል መልፋት አያዋጣም። አንድ ቀለም ብቻ ያለው አምስት መቶ ቲሸርት ከታዘዛችሁ ግን ሌላ ነገር አትፈልጉ። የድሮ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ዲቲጂ ቀጥታ ጨርቁ ላይ ያትማል። ጥጥ ላይ ለስላሳና ውብ ነው። ግን ማሽኑ ውድ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ቀድሞ ፈሳሽ ተረጭቶበት መድረቅ አለበት። ለጀማሪ አልመክርም።

ዲቲኤፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኞቻችሁ የምታስቡት እሱን ነውና። ዲዛይኑ በቅድሚያ ስስ የፕላስቲክ ፊልም ላይ ይታተማል። ቀለሙ ይቀድማል፣ ነጩ ከላይ ይደረባል። ሳይደርቅ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበትና በሙቀት ይቀልጣል። ከዚያ ፊልሙ ተገልብጦ 150 ዲግሪ አካባቢ ለ15 ሰከንድ ያህል ይተኮሳል። ጥጥ፣ ፖሊስተር፣ ነጭ፣ ጥቁር አይልም።

ችግሩ ነጩ ነው። የሚሠራው ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ብናኙ ከባድ ስለሆነ ካልተንቀሳቀሰ ይዘቅጣል፤ ቀለሙን የሚረጨውን የማሽኑን ክፍል፣ ሄዱንም ይደፍነዋል። የጎንደር አየር ደግሞ በበጋ ደረቅ ነው፤ ቀለሙ ሄዱ አፍ ላይ ይደርቃል። በክረምት ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። መብራት ሲሄድ ነጩን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ይቆማል። አንድ የማውቀው ወጣት ለቅሶ ደርሶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመለስ ሄዱ ደርቆ ጠበቀው። ሄድ ማለት ከማሽኑ ውስጥ ውዱ ዕቃ ነው። በየቀኑ የምታትሙት ሥራ ከሌላችሁ፣ እባካችሁ፣ ለጊዜው አትግዙ።

«ታዲያ በምን ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። ዲዛይኑን ጨርቁ ላይ በሙቀትና በግፊት በሚተኩሰው ማሽን፣ በሂት ፕሬስ ጀምሩ። ፊልሙን ማሽን ካላቸው ሰዎች በሜትር አሳትሙ። አዲስ አበባም ቢታተም በአውቶቡስ ይደርሳችኋል። በትልልቆቹ ዲዛይኖች መሀል የሚቀረውን ቦታ በትንንሽ የደረት አርማ ሙሉት፤ የከፈላችሁበት ፊልም ነው። የተለመደው የጠረጴዛ ሂት ፕሬስ የሚፈጀው መብራት ከእንጀራ ምጣድ ያንሳል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥም ይሠራል። ስትገዙ ግን ይህን ሞክሩ። በአራቱም ማዕዘን ወረቀት አስገቡና ዝጉት። እያንዳንዱን ሳቡ። ከአንዱ ጥግ ወረቀቱ በቀላሉ ሾልኮ ከወጣ ግፊቱ እኩል አይደለም፤ ተዉት። እንዲህ ያለ ፕሬስ የዲዛይኑን አንድ ጎን ሳያጣብቅ ይተወዋል።

የፋሲል ከነማ ደጋፊዎች ቀይ ፖሊስተር ይዘው ሲመጡ ደግሞ ተጠንቀቁ። ፖሊስተሩ የተነከረበት ቀይ በሙቀት ይነሳና ነጩን ሮዝ ያደርገዋል። አንዳንዴ በማግስቱ ነው የሚታየው። ሙቀቱን ቀንሱ፣ አንድ ናሙና ተኩሳችሁ አሳድሩ፣ ከዚያ ቀሪውን ሥሩ።

ሌላም አለ። ደንበኛ አርማውን በቴሌግራም ፎቶ አድርጎ ሲልክ ምስሉ ይጨመቃል፣ ጠርዙ ይሻክራል። «በፋይል ላክልኝ» በሉት። ብዙ የደበዘዘ ህትመት ያየሁት ማሽኑ ደህና ሆኖ ምስሉ ተበላሽቶ ነው።

ለጥምቀት ትእዛዝ የምትቀበሉ ካላችሁ ቀብድ ተቀበሉና ቲሸርቱን ታኅሣሥ ሳይጋመስ ግዙ። ጥር ሲገባ የምትፈልጉት ቁጥር ከገበያ ይጠፋል።

በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቲሸርቶች አስቀምጫለሁ። አንዱ በሰብሊሜሽን፣ አንዱ በሲልክ ስክሪን፣ አንዱ በዲቲኤፍ የታተመ ነው። ሦስቱንም ሃያ ሃያ ጊዜ አጥቤያቸዋለሁ። ስትወጡ በእጃችሁ ዳስሷቸው፣ ሳቧቸው፣ ገልብጣችሁ እዩአቸው። ክብሪትም አለ፤ ክር መዝዛችሁ ሞክሩ። እኔ እዚያው ነኝ፤ ጠይቁኝ።

አመሰግናለሁ።