ዋካንዳ አድዋ ላይ ምን ትሠራለች?

አራተኛውን ክፍል ትናንት ማታ ደግሜ አየሁት። ብቻዬን፣ የእህቴ ልጅ ሚጡ ከተኛች በኋላ። አሁንም ከውስጤ አልወጣም። ስለ ቤት ኪራዩ የጀመርኩላችሁን ወሬ አልረሳሁትም፣ ይቆየን። ዛሬ ይሄንን ሳልተነፍስ ሌላ ነገር ማውራት አልችልም።

«አይዝ ኦፍ ዋካንዳ»ን ነው የምላችሁ። ከማርቬል ኩባንያ ብላክ ፓንተር ፊልም የተወለደው አኒሜሽን። ኦገስት 1 ቀን 2025 ዲዝኒ ፕላስ ላይ አራቱም ክፍል በአንዴ ተለቀቀ። በአንድ ምሽት ያልቃል። ያላያችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ፤ መጨረሻውን ሳልናገር የማወራው የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋካንዳ፣ የፊልሙ ምናባዊት የአፍሪካ አገር፣ ተደብቃ በኖረችበት ዘመን ሁሉ፣ ከአገር የወጣባትን የቫይብሬኒየም (ተአምረኛ ብረቷ ነው) ዕቃ እየተከታተሉ የሚያስመልሱ ሰላዮች አሏት። እያንዳንዱ ክፍል በሌላ ዘመን፣ በሌላ አገር ነው። የመጀመሪያው ክሬት ደሴት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1260። ሁለተኛው ትሮይ። ሦስተኛው ቻይና፣ 1400። አራተኛው አድዋ።

አንዳችሁም አልነገራችሁኝም! በየቀኑ የምትጽፉልኝ ሰዎች፣ አንዳችሁም።

እህቴ ቤት ነበርን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እህቴ ነጭ ሽንኩርት ጭኗ ላይ አስቀምጣ እየላጠች፣ ሚጡ መሬት ላይ፣ ሪሞቱ እኔ ጋ። ቦታው ኢትዮጵያ፣ ዓመቱ በፈረንጆቹ 1896 መሆኑን እንዳወቅሁ ፖዝ አደረግኩት።

«ምን ሆንሽ?» አለች እህቴ።

«አድዋ ነው።»

«የቱ አድዋ?»

«ስንት አድዋ አለ?»

ሽንኩርቱን አስቀምጣ ተነሳች። እጇን እንኳን አልታጠበችም። ቆማ ቴሌቪዥኑን ታያለች። ማርቬልን ልጅ ማባበያ እንጂ ሌላ ነው ብላ የማታውቅ ሴት ናት። እኔ ደግሞ ቆዳዬ ተነሳ። በእውነት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተባለውን ቀን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እነዚህ ሰዎች ሥዕል ውስጥ ግን አገኘዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሥዕሉ ደግሞ ያምራል፣ ይሄን መካድ አልችልም። በብሩሽ የተቀባ ነው የሚመስለው። አንድ ሰው፣ የተከታታዩ ፈጣሪ ቶድ ሃሪስ ይሁን አብረውት የሠሩት ጸሐፊዎች፣ ቁጭ ብሎ «የት እናድርገው?» ሲባል አድዋን መርጧል። ዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖለት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሚጡ በሰንበት ትምህርት ቤቷ እቴጌ ጣይቱን ቀለም ቀብታ ታውቃለች። ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ ጦርነቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች፣ ማን እንዳሸነፈም ታውቃለች። ፕሌይ አልኩት። ሁለቱ የዋካንዳ ሰዎች፣ ወጣቱ ልዑልና አንጋፋው ኩዳ፣ በጦርነቱ መሀል አንዲት የቫይብሬኒየም መጥረቢያ ይፈልጋሉ። ሚጡ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና ዞር አለች።

«አክስቴ፣ እነዚህ ጠንካሮቹ ለምን አያግዙንም?»

«የመጡት ለመጥረቢያዋ ነው» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«ይዘው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።»

«ጦርነቱስ?»

እህቴ ከኋላ «እኛ እናሸንፋለን፣ አትጨነቂ» አለቻት።

«አውቃለሁ። ግን ለምን አያግዙንም?»

ይሄንን ነው ስመላለስበት የሰነበትኩት። መልስ ሳይጠፋኝ። መልሱ ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዋካንዳ ራሷን የጠበቀችው ተደብቃ ነው፣ የሌላውን ጦርነት ጦርነቷ አታደርግም። ሕጓ ነው። ልጅቷ የጠየቀችኝ ግን ሕጉን አይደለም። እያወቀች ነው የጠየቀችኝ። እንደምናሸንፍ እያወቀች፣ ያም ሆኖ ያ ሰው እዚያ ቆሞ አለማገዙ ገርሟት። እኔ ደግሞ «የልብ ወለድ ታሪክ ስለሆነ ነው» ልላት አልፈለግሁም። ለልጅ እንዲህ ሲባል አልወድም።

ከማርቬል ካርታዎች በአንዱ ዋካንዳ የት እንዳለች ታውቃላችሁ? ቱርካና ሐይቅ አጠገብ። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ደቡብ ሱዳን በሚቀራረቡበት። ጎረቤታችን ናት ማለት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ጎረቤት ኡኡ ሲል እኮ ምጣድ ጥደሽም ቢሆን ትወጫለሽ። ደግሞ ምኒልክ ያኔ ዝም ብለው አልዘመቱም፤ ክተት ብለው ነው። «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ብለዋል። ጉልበት የሌለው ደግሞ ለልጁ፣ ለሚስቱ፣ ለሃይማኖቱ ሲል በሐዘኑ እንዲረዳ። በሐዘን! ምንም የሌለው ሰው እንኳን የሚያዋጣው ነገር ተገኝቶለታል። ወስልቶ የቀረውን ደግሞ ትጣላኛለህ፣ አልተውህም ብለውታል። እና ያ ሁሉ ሕዝብ፣ እግረኛው፣ ስንቅ ተሸካሚዋ፣ ከየአቅጣጫው ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሄዶ ሲደርስ፣ ቫይብሬኒየም ያለው ጎረቤት መጥረቢያውን ፈልጎ ይመጣል።

ቆይ። እዚህ ጋ ለተከታታዩ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። እነሱም ያውቁታል። ታሪኩ በኋላ የሚሄደው ወደዚያው ነው። መጥረቢያዋን ይዘው ከተመለሱ በኋላ ከወደፊቱ ዘመን አንዲት ብላክ ፓንተር፣ የዋካንዳ ጠባቂ ጀግና፣ ትመጣለች። የመጨረሻዋ። ዋካንዳ ተደብቃ ስለቀረች ኋላ ዓለምም ዋካንዳም እንደሚጠፉ ትነግራቸዋለች። ስለዚህ ሚጡ ያለችውን ነው የምትለው፣ በሌላ አነጋገር። መደበቁ ነው ያጠፋን ትላለች። እዚያ ጋ እሺ አልኩ። እህቴም «አየሽ» አለች፣ ለማን እንዳለች እንጃ።

ግን መፍትሔው ምንድን ነው? መጥረቢያዋ ወደ አድዋ ትመለስ ነው። ትተዋት፣ በባዕድ እጅ ገብታ፣ ዞራ ዞራ እንግሊዝ ሙዚየም ትድረስና ኪልሞንገር፣ የመጀመሪያው ፊልም ባላጋራ፣ ያግኛት። የመጀመሪያውን ፊልም ታስታውሳላችሁ፣ ሙዚየሙ ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆሞ ሴትየዋን የሚያፋጥጣት። እሱ ካላገኛት ዋካንዳ አትከፈትም። በፊልሙ እኮ ኪልሞንገር ዕቃውን እንግሊዞች ቤኒን ላይ ነው የወሰዱት ይላል። ቤኒን በእንግሊዞች የተዘረፈችው 1897 ነው፣ ከአድዋ አንድ ዓመት በኋላ። አድዋ ላይ የቀረው ዕቃ በዓመት ውስጥ እንዴት ቤኒን እንደሚገባ... እናንተ እንደ እኔ እንቅልፍ የምታጡ ከሆነ አስቡበት። ዋናው ነገሬ እሱ አይደለም።

ዋናው ነገሬ መዘረፉ አስፈላጊ ነበር መባሉ ነው። ለበጎ ነው መባሉ። ይሄ ከየትኛውም አገር ሰው ይልቅ ለእኛ ከበድ ይላል መሰለኝ። መቅደላን እናስብ። በፈረንጆቹ 1868። አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የተወሰደውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገው ነበር ይባላል። ብራና፣ ዘውድ፣ ጽዋ። 11 ታቦታት እስከዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አሉ፤ ለእይታ አይቀርቡም፣ የሙዚየሙ ሰዎች ራሳቸው አያዩአቸውም። እንግዲህ ለማንም ካልታዩ እዚያ ምን ይሠራሉ? ልዑል ዓለማየሁስ? የሰባት ዓመት ልጅ ነበር ሲወስዱት። በ18 ዓመቱ ሞተ፣ ዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አይሆንም አለ።

ይሄን ሁሉ እያወቅሁ «መጥረቢያዋ እዚያ መቅረቷ ለበጎ ነው» የሚል ታሪክ ሳይ፣ ሆዴ ይላወሳል። ጸሐፊዎቹ እንደዚያ ሊሉ ፈልገው አይደለም፣ ይሄ ይገባኛል። ከፊልሙ ጋር ማገናኘት ነበረባቸው። ሰላዮቹ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበሩት ክፍሎች ሁሉ የተወሰደን ነገር ሲያስመልሱ ነው የምናያቸው። ለእኔ የተከታታዩ ልብ እሱ ነበር፤ የተወሰደብህን ሄደህ ታመጣለህ፣ ሺህ ዓመት ቢፈጅም። ኢትዮጵያ ሲደርስ ነው የተገለበጠው። በአገራችን። ለምን እዚህ? ወይስ እኔ ነኝ አብዝቼ የምቆፍረው? ሊሆን ይችላል።

የልዑሉን ስም አልነገርኳችሁም። ተፈሪ ነው። አድዋ ላይ፣ ልዑል ተፈሪ። እህቴ ይሄን ስትሰማ «ያ ተፈሪ?» አለች። ያኛው ተፈሪ እኮ አድዋ ሲሆን ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ራስ መኮንን ጦር ሜዳ፣ እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ደግሞ ያኔ በሕይወት የሉም። ያ ሕፃን ያን ቀን የት ነበር? ማን አቅፎት? ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን ጦርነቱን ሳስብ እሱ ይመጣብኛል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የስለላው ነገር ነው። ስለ ሰላይ የሚያወራ ታሪክ አድዋ ድረስ መጥቶ ባሻይ አውዓሎምን ያልፈዋል! ባሻይ አውዓሎም ሐረጎት እኮ የጣሊያን ሰላይ መስሎ ለእነ ምኒልክ የሠራ ሰው ነው። ለጣሊያኑ ጦር አዛዥ ለእነ ባራቲየሪ የምኒልክ ጦር ተበትኗል፣ ተዳክሟል ብሎ አሳመናቸው። በሌሊት ወጥተው ተራራና ሸለቆ ውስጥ ገቡ፣ ጦራቸው እርስ በርሱ ተራራቀ፣ ነጋ። ጄኔራል አሪሞንዲ ሞተ፣ ዳቦርሚዳ ሞተ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ። ቫይብሬኒየም የለም። አንድ ሰውና አፉ ብቻ። አስቡት እስቲ፣ በዚያ ሌሊት ከጣሊያኖቹ ጋር ሲሄድ፣ እያንዳንዷ እርምጃ ላይ ቢነቃበትስ? እንዲህ ያለ ታሪክ ከእነ ተፈሪና ኩዳ ጎን ለጎን ቢሄድ ምን ይጎድልባቸው ነበር? ደቂቃው አይበቃም፣ አውቃለሁ። ግማሽ ሰዓት ነው። አውቃለሁ።

ሌሎቹን ክፍሎች ዝም ብዬ አልለፋቸው። ሦስተኛው፣ የቻይናው፣ የሚጡ ነው። ፈጣን ነው፣ ያስቃል፣ አይረን ፊስት የምትባለው የማርቬል ተዋጊ አለችበት። ሁለተኛው ግን፣ የትሮይ፣ እንደ ታሪክ ከአራቱም ይበልጥብኛል። ሰላዩ ሜምኖን በሚል ስም ከግሪኮቹ ጀግና ከአኪሊስ ጋር ዓመታት አብሮ ተዋግቷል፣ ወንድሙ ሆኗል፣ ከዚያ ተልእኮው ይደርስና ይከዳዋል። በግሪኮቹ ተረት ሜምኖን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፣ ትሮይን ሊያግዝ የመጣ፣ አኪሊስ የገደለው። የእነሱ ኢትዮጵያ የዛሬዋ አገራችን ናት ብዬ አልከራከርም፤ ግን አያችሁት? በተረቱ ሜምኖን የመጣው ሊያግዝ ነው። ከሩቅ አገር፣ የሱ ላልሆነ ጦርነት። እነሱ ስሙን ወስደው ሰላይ አደረጉት። ይሄን ሆን ብለው ከሆነ በጣም ብልህ ናቸው። ሆን ብለው ካልሆነም...

እሺ፣ ምን ልል ነበር? ወድጄዋለሁ። እዩት። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ እዩት፣ ከዚያ ምን እንደጠየቋችሁ ንገሩኝ። እኔ ለሚጡ ያልኳት «ፈርተው ነው» ነው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «ጣሊያኖቹን?» አለችኝ። «አይ፣ መታየትን» አልኳት። ገባት ይሁን አልገባት አላውቅም፣ ሌላ ካርቱን ጠየቀችኝ። አሁን ሳስበው ደግሞ መልሱ ልክ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ፈሪ ጎረቤት ይሻላል ወይስ ግድ የሌለው ጎረቤት? እህቴ ሁለቱም ያው ነው ትላለች። እኔ ያው አይመስለኝም፤ የፈራ ሰው አንድ ቀን ሊወጣ ይችላል። ግን ደግሞ እሱ እስኪወጣ...

የባሻይ አውዓሎምን ታሪክ ማን ይሥራው የሚለውን በሚቀጥለው እናውራ። ማርቬል ይሥራው ብዬ ልላችሁ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ በእነሱ እጅ አንድ መጥረቢያ አስይዘው ቢያመጡትስ ብዬ... እንጃ። እናንተ ጻፉልኝ።