«ስሜን ለምን ትጽፋላችሁ?»፦ በዋሽንግተን ዲሲ ለቅድመ ምርጫ በጎ ፈቃደኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ቀኑን ሙሉ በሥራ ውላችሁ፣ ልጆቻችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ ዛሬ ማታ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ የስም ዝርዝር ይዛችሁ በር ልታንኳኩ ነው። አዘጋጆቹ ስለ እጩው እንድናገር አልጠየቁኝም፤ ስለ እሱ የምትሉትን እናንተው ታውቃላችሁ። የጠየቁኝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 በዚህች ከተማ ለባራክ ኦባማ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስሠራ ያየሁትን እንድነግራችሁ ነው።

በመጀመሪያ ሥራው ለምን በፕራይመሪው፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ ላይ እንደሚያተኩር ልናገር። ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት ያገኘችው በ1961 በጸደቀው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ከሰጠችበት ከ1964 ጀምሮ በሁሉም ምርጫ እዚህ ያሸነፈው የዴሞክራቲክ ፓርቲ እጩ ነው። በመሆኑም የኖቬምበሩ የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በከተማችን አስቀድሞ የታወቀ ያህል ነው፤ ነዋሪው አንዱን እጩ ከሌላው አወዳድሮ በእርግጥ መምረጥ የሚችለው በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ቀን ነው። በ2008 ግን በዲሲ ፕራይመሪ መምረጥ የሚችለው በፓርቲው ስም የተመዘገበ ሰው ብቻ ነበር፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» እየተባሉ ያደጉ በመሆናቸው፣ ዜግነት ካገኙ በኋላ የመራጭነት ቅጹን ሲሞሉ ብዙዎቹ «ፓርቲ የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ነበር። ከእንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተነሳ ወሳኙ ቅድመ ምርጫ እንደሚያልፋቸው የነገራቸው አልነበረም። ምዝገባው ከምርጫው 30 ቀን ቀደም ብሎ ይዘጋ ስለነበር የመጨረሻ ዕድላችን የገና ሰሞን ሆነ። አብያተ ክርስቲያናት ከግብር ነፃ የሆኑ ተቋማት ስለሆኑ እጩ መደገፍ ሕጉ አይፈቅድላቸውም፤ ስለዚህ ቅጹን ይዘን ከግቢው ውጭ በእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመን ምእመናኑ ከቅዳሴ እስኪወጡ እንጠብቅ ነበር። እኛ እንደዚያ ስንቆም ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይሰማን እንደነበር ዛሬም አልረሳሁትም።

ከዘመቻው ጽሕፈት ቤት የሚሰጠን መመሪያ ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በር እንድናንኳኳ ያዝ ነበር። ይህ ሰዓት ከቢሮ ወጥቶ ቤቱ ለሚገባ ሰው የተመረጠ ነው። የእኛ ሰው ግን በዚያ ሰዓት ታክሲ ላይ ነው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው፣ ሆስፒታል የሌሊት ተራ ሊረከብ መንገድ ላይ ነው። በጆርጂያ አቬኑ ዳርና ዳር ባሉ ሕንፃዎች ሁለት ምሽት ሙሉ አንኳኩተን የተከፈተልን በር በጣት የሚቆጠር ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውን ቤቱ መጠበቅ ትተን ወዳለበት መሄድ ጀመርን፤ ታክሲዎች ተራ ወደሚጠብቁበት የአየር ማረፊያ መቆሚያ፣ መሀል ከተማ ወዳሉት የምድር ቤት ፓርኪንጎች፣ በ9ኛውና በዩ ስትሪት ወዳሉት ምግብ ቤቶች ሄድን። የዚያን ክረምት ሾፌሮቹ ከእጩው በፊት ሊነግሩን የሚፈልጉት ሌላ ጉዳይ ነበራቸው፤ የከተማው አስተዳደር በዞን ይሰላ የነበረውን የታክሲ ሒሳብ በሜትር፣ ማለትም በሒሳብ ቆጣሪ መሣሪያ ለመተካት ወስኖ ስለነበር በእንጀራቸው የተመጣባቸው መስሎ ተሰምቷቸው ነበር። ይህ ከፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር አይገናኝም ብላችሁ ወሬውን እንዳታቋርጡ። ያልተሰማ ሰው አይሰማችሁም፤ ስለ ሜትሩ ሩብ ሰዓት ያዳመጥናቸው ሾፌሮች በኋላ የጓደኞቻቸውን ስልክ እየጠሩ ሰጥተውናል።

አሁን ዛሬ ወደዚህ ወዳመጣኝ ጉዳይ ልግባ። በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፍተው ክሊፕቦርዴን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ስለ እጩው አልጠየቁኝም። «ስሜን ለምን ትጽፋላችሁ? ማንስ ሰጣችሁ?» አሉኝ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ስም ዝርዝር ምን ይዞ ይመጣ እንደነበር የሚያውቅ ትውልድ ናቸው፤ የ1997 ዓ.ም. ምርጫና ያስከተለው ሐዘንም ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። እኔም እንዳይፈሩ ስል «እማማ፣ እዚህ አገር ማንም ምንም አያይብዎትም፤ ሁሉም ምስጢር ነው» ብያቸው ወረድኩ።

የነገርኳቸው ነገር ትክክል አልነበረም። በዚያው ሳምንት አንዲት የዘመቻው አስተባባሪ የስም ዝርዝሩ ከየት እንደሚመጣ ስታስረዳን ገባኝ። ለማን ድምፅ እንደሰጣችሁ በእርግጥ ምስጢር ነው፤ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ነገር ግን የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በየትኛው ፓርቲ እንደተመዘገባችሁና በየትኛው ምርጫ ድምፅ እንደሰጣችሁ ዘመቻዎች ሊያዩት ይችላሉ። ስማቸው እጄ ላይ ሊገኝ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ያንን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። እኚህን እናት እድሜ ልክ ያስፈራቸው፣ ባለሥልጣን ስለ ስማቸው እውነቱን አለመናገሩ ነበር፤ እኔም ለመልካም ነገር ብዬ ያንኑ ደገምኩት። በማግስቱ ተመልሼ በሩን አንኳኳሁና ተሳስቼ እንደነበር፣ የሚታየው ምን እንደሆነ፣ የማይታየውም ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «እስቲ አስብበታለሁ፤ አሁን ግን ምንም እንዳትጽፍ» አሉኝ። ከስማቸው ፊት ያለውን፣ መልሳቸው የሚሞላበትን ሳጥን ባዶ ተውኩት።

ስለዚህ ቅዳሜ ስትወጡ በማታውቁት ነገር ላይ መልስ አትስጡ፤ በተለይ ዜግነትን በሚመለከት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ በስህተት እንኳ መራጭ ሆኖ ቢመዘገብ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። «ግድ የለም፣ ዝም ብለህ ሙላ» የምትል አንዲት ቃል የሰው ኑሮ ታፈርሳለች። ይሁን እንጂ ድምፅ የሌለው ሰው ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከራሱ ገንዘብ መዋጮ መስጠት ይችላል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅም፣ በተማሪ ቪዛ ያለም ሰው ገንዘብ መስጠት ባይፈቀድለትም፣ ክፍያ ሳይቀበል ስልክ ሊደውልና በር ሊያንኳኳ ሕጉ ይፈቅድለታል። በ2008 ከእኛ መካከል እጅግ የተጋው አንድ ወጣት ራሱ መምረጥ የማይችል ነበር፤ በየማታው ግን በአማርኛና በትግርኛ ሲደውል ያመሽ ነበር።

ምርጫው የዋለው ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 12 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 4 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም በዚያው ቀን መርጠዋል። ወደ ማታ የሚዘንበው ዝናብ መንገድ ላይ እየረጋ በረዶ በመሆኑ ሜሪላንድ ውስጥ ድምፅ መስጫው በፍርድ ቤት ትእዛዝ በ90 ደቂቃ ተራዘመ። በዲሲ ኦባማ ከመቶ 75 ያህሉን ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ሰፊ ልዩነት ስለነበር የእኛ ጥቂት በሮች ውጤቱን ለወጡት አልልም፤ እንደዚያ ብላችሁ እንኳ ብትጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነው።

የድምፅ መስጫው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ዝርዝራችን ላይ ሳጥናቸው ባዶ ለሆነ ሰዎች እንደውል ነበር። የእኚያን እናት ቁጥር ደወልኩ፤ አልተነሳም። ሌላ ሰው ሳናግር ስልኬ ጠራ፣ እሳቸው ነበሩ። ከልጃቸው ጋር ሄደው፣ በሚያንሸራትተው መንገድ ክንዷን ይዘው ተራምደው፣ ድምፃቸውን ሰጥተው እየተመለሱ ነበር። ለማን እንደመረጡ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

«በል አሁን» አሉኝ፣ «ስሜን ጻፍ።»