አጠገባችሁ ያደረው የቱርክ ሹፌር
በጀርመን ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የከባድ መኪና ሹፌሮች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብዙዎቻችሁ ኮድ 95፣ የሙያ ሹፌርነት ማረጋገጫውን፣ በቅርቡ ይዛችሁ አውቶባን ላይ የወጣችሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ስትነዱ የኖራችሁ ናችሁ፤ ጋላፊ ላይ ተሰልፎ ማደር ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዛሬ የምንናገረው ማታ ፓርኪንግ ላይ ጎናችሁ ስለሚያድር አንድ የሙያ ጓደኛ ነው።

ታርጋውን እዩት። በግራ ጠርዙ፣ ሰማያዊው ላይ «ቲ አር» ይላል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቁጥሮች መኪናው የተመዘገበበትን ክፍለ ሀገር ይነግሯችኋል፤ 34 ኢስታንቡል፣ 33 መርሲን፣ 31 ሀታይ፣ 27 ጋዚያንቴፕ፣ 16 ቡርሳ ነው። «31» አይታችሁ «ሀታይ?» ብትሉት ፊቱ ወዲያው ይፈታል። በስሙ መጥራት ባትችሉ «ካፕታን» በሉት፤ ሹፌር ሹፌርን እንዲህ ነው የሚጠራው። በዕድሜ ከበለጣችሁ «አቢ» ማለት እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው። ሥራ ላይ ካገኛችሁት ሰላምታው «ኮላይ ጌልሲን» ነው፤ ሥራው ይቅለልህ ማለት ነው።

ይህ ሰው ሦስት ነገር ይቆጠርበታል፤ የታኮግራፉ (መንዳቱንና እረፍቱን የሚመዘግበው መሣሪያ) ሰዓት፣ የቪዛው ቀንና የመንገድ ፈቃዱ። ሦስቱን ያላወቀ ጎረቤት ሳያስበው ይጎዳዋል። ያወቀ ግን ምንም ገንዘብ ሳያወጣ ይረዳዋል።

ከታኮግራፉ እንጀምር። ቱርክ ኤኢቲአር የሚባለው፣ የመንዳትና የእረፍት ሰዓትን የሚወስነው ስምምነት አባል ስለሆነች የእሱ ሰዓት ከእናንተ ብዙም አይለይም። በቀን 9 ሰዓት መንዳት፣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ 10 ሰዓት፣ በየአራት ሰዓት ተኩሉ 45 ደቂቃ እረፍት። የቀኑ እረፍት 11 ሰዓት ሲሆን በሁለት የሳምንት እረፍቶች መካከል ሦስት ጊዜ ወደ 9 ሊያጥር ይችላል። ከኢስታንቡል ሙኒክ በቤልግሬድ በኩል 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በንጹሕ ስሌት ሦስት የመንዳት ቀን ነው። ችግሩ መሐል ላይ ካፒኩሌ አለ።

ካፒኩሌ ከኤዲርኔ ወጣ ብሎ ቱርክና ቡልጋሪያ የሚገናኙበት ኬላ ነው፤ በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸው የየብስ ድንበሮች አንዱ ነው። ጉምሩክ የምንለው ቃላችንም ከቱርክኛ የመጣ ነው፤ እነሱም ያንኑ ይላሉ። እዚያ ሰልፉ ኪሎ ሜትሮችን ይፈጃል። ክፋቱ ግን ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ሰልፉ ቆሞ አይቆምም፤ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ፈቀቅ ይላል። ጎማው በዞረ ቁጥር ታኮግራፉ ላይ የእረፍቱ፣ የአልጋው ምልክት ጠፍቶ የመንዳቱ፣ የመሪው ምልክት ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ቢሆንም ካርዱ ላይ ያረፈበት ሰዓት የለም። ጀርመን ደርሶ አጠገባችሁ ሲያቆም ያ ድካም አብሮት ነው።

እንግዲህ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ። መጋረጃው ተዘግቶ የተኛን ሹፌር «ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ» ብላችሁ አትቀስቅሱ። ሰባት ሰዓት ተኝቶ አምስት ሜትር ቢንቀሳቀስ እረፍቱ ተቋረጠ፤ 9 ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምራል። በዚያ ምክንያት ማራገፊያው ላይ የተሰጠው ሰዓት ያልፋል፣ ያንን ቀን ያጣል። መውጫው እንዳይዘጋባችሁ የምትሰጉ ከሆነ ከመተኛቱ በፊት ጠይቁት፤ ወይም የምትወጡበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩት። ቁጥር በሁሉም ቋንቋ ቁጥር ነው። ፖሊስ ወይም የፓርኪንጉ ኃላፊ አስነስቶ ካዛወረው ደግሞ ከታኮግራፉ ላይ ወረቀት ያትም፤ ጀርባው ላይ ምክንያቱን በእጁ ይጻፍ፤ ከተቻለ ያዘዘው ሰው ይፈርምበት። ቋንቋ የምታውቁ እናንተ ናችሁና ይህችን ፊርማ በመጠየቅ ልታግዙት ትችላላችሁ።

ፍሪጎ፣ ማቀዝቀዣ ያለውን ተሳቢ፣ የምትጎትቱም አስቡበት። የማቀዝቀዣው ሞተር ያለው በተሳቢው ፊት፣ ከጋቢናው ጀርባ ነው። በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ካቆማችሁ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው በሱ ትራስ አጠገብ ነው። ቦታው ከፈቀደ በተቃራኒ አቅጣጫ ቁሙ፤ ያኔ ጩኸቱ በሱ ተሳቢ ጭራ በኩል ይሆናል። መሰኪያ ያለበት ፓርኪንግ ከሆነ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሩት።

የምትቀሰቅሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሸራው ተቀድዶ ወይም የጉምሩክ ማኅተሙ ተበጥሶ ስታዩ። ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በነጭ «ቲአይአር» የተጻፈበት ተሳቢ በዓለም አቀፉ የቲአይአር ስምምነት የሚሄድ ነው፤ ሸራው ዙሪያውን በገመድ ታስሮ ጫፉ ላይ ማኅተም አለው። ቱርኮች ትልቁን መኪና ራሱን «ቲር» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። ማኅተሙን በእጃችሁ አትንኩ፣ ገመዱን ልታስሩለት አትሞክሩ። ፎቶ አንሡ፣ በሩን አንኳኩ፣ 110 ደውሉ። የፖሊስ ወረቀት ሳይዝ ማራገፊያ ቢደርስ ስለተበጠሰው ማኅተም የሚጠየቀው እሱ ነው።

ወደ ቪዛው እንለፍ። የቱርክ ሹፌር ሸንገን (እርስ በርስ ያለ ድንበር ፍተሻ የሚታለፍባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ ከማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው መቆየት የሚችለው፤ እንደ ቱሪስት ይቆጠራል ማለት ነው። ድሮ ቡልጋሪያና ሩማንያ ውስጥ ያለፈው ቀን ከዚህ አይቀነስም ነበር። ሁለቱ ሸንገን ከገቡ ወዲህ (በየብስ ድንበራቸው ላይ የነበረው ፍተሻ የቀረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2025 ነው) ካፒኩሌን ተሻግሮ የመጀመሪያውን ሜትር ሲነዳ ቀኑ መቆጠር ይጀምራል። ሰርቢያ ግን ሸንገን አይደለችም፤ እዚያ ያደረበት ቀን አይቆጠርም። ለዚህ ነው «ለምን እዚህ እሑድን አታሳልፍም?» ስትሉት ራሱን የሚነቀንቀው። በጀርመን እሑድ ከ0 እስከ 22 ሰዓት ከ7.5 ቶን በላይ የሆነ መኪና መንዳት ክልክል ነው፤ ለእናንተ እረፍት የሆነው ቀን ለእሱ ከ90ው ላይ የተቀነሰ ቀን ነው።

ፈቃዱን እነሱ «ዶዝቮላ» ይሉታል፤ ቃሉ የሰርቦች ነው። አገሮች ለቱርክ መኪና በዓመት የተወሰነ ቁጥር ይሰጣሉ። ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ቱርክ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ባላት የጉምሩክ ኅብረት የፋብሪካ ዕቃው ያለቀረጥ ይገባል፤ ዕቃውን የጫነው መኪና ግን ፈቃድ ይጠየቃል። ይህ ለእኛ ፍትሐዊ አይደለም፣ በግልጽ እንናገራለን። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በእ.ኤ.አ. 2017 ሃንጋሪ በሚያልፉ የቱርክ መኪኖች ላይ ትጥለው የነበረውን ግብር ከቀረጥ አይለይም ብሎ ከሕግ ውጭ አድርጎታል። ፈቃድ ያጠረበት ወይም ከባልካን ሰልፍ የሚሸሸው ከኢስታንቡል ፔንዲክ ወደብ በመርከብ ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ይደርሳል፤ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል።

አሁን ደስ ወደሚለው እንምጣ። በተሳቢው ጎን፣ ከጎማዎቹ ፊት የተንጠለጠለ ትልቅ ሣጥን ታያላችሁ። ክዳኑ ወደ ታች ሲከፈት ጠረጴዛ ይሆናል። ውስጡ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር፣ መጥበሻ፣ የቃሪያና የቲማቲም ላስቲክ፣ የወይራ ማሰሮ፣ ወገቡ ቀጠን ያለ የሻይ ብርጭቆ በጨርቅ ተጠቅልሎ ታገኛላችሁ። ሻዩ በአንድ ማንቆርቆሪያ አይፈላም። ሁለት ይደራረባሉ፤ ታችኛው ውሃ ብቻ ነው፣ ላይኛው ደረቁን ሻይ ይይዛል። የታችኛው ሲፈላ ግማሹ ላይኛው ላይ ይፈስና በእንፋሎቱ ላይ ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ብርጭቆው ውስጥ ከላይኛው ጥቂት ይቀዳና በታችኛው ውሃ ይቀጠናል፤ ቀለሙ ብርሃን ላይ ሲያዝ ቀይ መሆን አለበት። ከማፍላቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ በ45 ደቂቃ እረፍት ላይ ከሆናችሁ «ፓውዘ 45» ብላችሁ ሰዓታችሁን አሳዩት፤ አይቀየምም። ረጅም እረፍት ላይ ከሆናችሁ ግን እንቢ አትበሉ። ብርጭቆው ባለቀ ቁጥር ይሞላላችኋል። ሲበቃችሁ ማንኪያዋን ብርጭቆው አፍ ላይ አጋድሙ፤ በቃኝ ማለት ነው። ስትነሡ «ኤሊኔ ሳሊክ» በሉ፤ የኛው እጅህ ይባረክ ነው።

በጾም ወቅት ብዙዎቻችሁ የምትቸገሩበት አለ። ቁርሱ እንቁላል፣ አይብና ሱጁክ የሚባል የበሬ ሥጋ ነው። «ኤት፣ ሱት፣ ዩሙርታ ዮክ» በሉት፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም ማለት ነው። ወይራ፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የምስር ሾርባ ወይም የነጭ ባቄላ ወጡን ያቀርብላችኋል። ሥጋውን በሌላ ጊዜም የማትበሉ ሥጋውን ብቻ ትታችሁ የቀረውን ብሉ። እናንተም ስታቀርቡ የአሳማ ነገር አይኑርበት፤ በረመዳን ቀን ደግሞ ፀሐይ እስክትገባ ጠብቁ።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ብርድ ነው ብሎ ጋዙን ጋቢና ውስጥ ሊያበራ ካያችሁ አስቁሙት፤ የሚታፈነው ጭስ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ የቀረ ሰው አለ። ብርቱካናማ የአዴኤር ሰሌዳ ለጥፋችሁ አደገኛ ጭነት ከያዛችሁ ደግሞ እሳት ከመለኮሱ በፊት ሰሌዳውን አሳዩት፤ ራሱ ሣጥኑን ዘግቶ ይርቃል።

የመጨረሻው የፍሬን አየር ነገር ነው፤ ፓርኪንግ ላይ እርዳታ ከሚጠየቅባቸው ዋነኛው ይህ ነው። መኪናው አክሳራይ የተሠራ መርሴዲስ ይሁን ኤስኪሼሂር የተሠራ ፎርድ፣ የአየር መጋጠሚያው የአውሮፓ ልክ ስለሆነ የእናንተ ትርፍ ጎሚኒ (አየር እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ይገጥማል። አየሩ ከመኪናው ወደ ተሳቢው የሚሄደው በቀይና በቢጫ ቱቦ ነው። መጀመሪያ አድምጡ። ቆሞ እያለ ያለማቋረጥ የሚፏጭ ከሆነ ቀዩ ነው፤ ሁልጊዜ 8 ባር ገደማ አየር አለበት። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚፏጭ ከሆነ ቢጫው ነው። ቀዩ ሲላቀቅ የተሳቢው ፍሬን በራሱ ይይዛል፤ ያ ግን በአየር የተያዘ ነው፣ አየሩ ከወጣ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ የተሳቢውን የፓርኪንግ ፍሬን ቀይ ቁልፍ ጎትቱ፣ ጎማው ላይ ታኮ አድርጉ። ሲፈታ ቀዩ ይቅደም፤ ሲገጠም ቢጫው ይቅደም፣ ቀዩ መጨረሻ ይሁን። ቀዩ ቀድሞ ከገባ ቢጫው ሳይያያዝ ፍሬኑ ሊለቅ ይችላልና። አሮጌውን ጎሚኒ በቀጭን ነገር አውጡ፣ መቀመጫውን ከአሸዋና ከበረዶ ጥረጉ፣ አዲሱን ሳይጠመዘዝ በአውራ ጣት ዙሪያውን ጫኑት። «ፍሬን» በቱርክኛም «ፍሬን» ነው፤ አትደናገሩም። ሲጨርስ «ጌችሚሽ ኦልሱን» በሉት፤ ያለፈ ይሁን ማለት ነው።

መጋጠሚያዎቹን፣ ቀዩንም ቢጫውንም፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አምጥተናቸዋል፤ አንድ ጣሳ ሙሉ ጎሚኒም አለ። ቀረብ በሉና እያንዳንዳችሁ አንዱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። እናመሰግናለን።