ሳ ታቱ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው፣ ታገሱኝ።

ዛንዚባር ደርሼ መጣሁ። ነጩን አሸዋ ፎቶውን ሁላችሁም አይታችሁታል፣ አልፈዋለሁ። የማወራችሁ ስቶን ታውን ስለሚሉት አሮጌው ከተማ ነው። ከአስጎብኚ ጋር በእግሬ ስለዞርኩበት አንድ ጠዋት።

ጠዋቱን ለማግኘት ግን ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አስጎብኚው የጻፈልኝ መልእክት አጭር ነበር፦ አሮጌው ምሽግ በር ላይ፣ «ሳ ታቱ»። ታቱ በስዋሂሊ ሦስት መሆኑን አውሮፕላን ውስጥ ቁጥር ስለማመድ ይዤዋለሁ። ሦስት ሰዓት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከአገር ስወጣ መጀመሪያ የማደርገው ጭንቅላቴን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ማዞር ነው። ስለዚህ የእነሱ ሦስት የእኛ ከቀኑ ዘጠኝ ነው አልኩና ተኛሁ። በዘጠኝ ሰዓት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ምሽጉ በር ላይ ቆሜ ስደውልለት ሳቀብኝ። «ዳዳ፣ ጠዋት ጠብቄሽ ጠብቄሽ ሄድኩ እኮ!» ዳዳ እህቴ ማለት ነው።

ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው። ፀሐይ ወጥታ ሰዓቱ ሲሞላ አንድ ይላሉ፣ ሳ ሞጃ። ሳ ታቱ እኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የምንለው ራሱ ነው። ዕድሜ ልኬን የቆጠርኩትን ሰዓት ትቼ በሰው ሰዓት ልሂድ ስል በገዛ ሰዓቴ ተሸወድኩ።

በማግስቱ በሰዓቴ ተገኘሁ። በእርግጥ ሩብ ጉዳይ ላይ ነበርኩ፣ እፍረት ነው መቼም።

ሰውየው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ «ምዜ» እያልኩ ነው የጠራኋቸው፣ እዚያ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው። ከምሽጉ ጀመርን። ኦማኖች ፖርቱጋሎችን አስወጥተው የሠሩት ነው፣ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ከጎኑ «የድንቆች ቤት» የሚባለው አለ፣ የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በፈረንጆቹ 1883 ያሠራው፣ ኤሌክትሪክና አሳንሰር የገባለት። በ2020 የገና ዕለት፣ የፈረንጆቹ ገና፣ ግማሽ ጎኑ ተደረመሰ። ምዜ ብዙም አላወሩበትም። አንዴ ቀና ብለው አዩትና ወደ ባሕሩ ዞሩ።

ባሕሩን እያሳዩኝ ስለ 1896ቱ፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ጦርነት ነገሩኝ። ሱልጣኑ ሞቱ፣ ኻሊድ የሚባል ልዑል እንግሊዞችን ሳያስፈቅድ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ፣ የእንግሊዝ መርከቦች ቤተ መንግሥቱ ፊት ተደረደሩ። ባንዲራህን አውርድ፣ የመጨረሻው ሰዓት ሦስት ሰዓት ነው ተባለ። ሳ ታቱ! በሦስት ሰዓት መድፉ ተጀመረ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው የሚሉት፣ በታሪክ አጭሩ ጦርነት። አጭር ስለሆነ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል፣ ግን በዛንዚባር በኩል አምስት መቶ ያህል ሰው ሞቷል ወይም ቆስሏል።

እኔ ቀኑን በእኛ ማስላት ጀመርኩ። ነሐሴ 22 ቀን 1888። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888። ያው ዓመት! ስድስት ወር እንኳ አይሞላም በመሃላቸው። ለምዜ ብነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «እናንተ ተራራ ነበራችሁ» አሉኝ። መልሱ ይሄን ያህል ቀላል አይደለም፣ ግን ባሕር ዳር ቆሜ የመርከቦቹን ቦታ እያየሁ ለመከራከር አፌ አልተከፈተም።

ከዚያ ወደ ጠባቦቹ መንገዶች ገባን። ሁለት እጄን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ የምነካበት ቦታ አለ። ቤቶቹ በኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ከማንግሮቭ ዛፍ የተቆረጠ አግዳሚ ነው፣ ቦሪቲ ይሉታል። ክፍሎቹ ለምን ጠበቡ ብዬ ስጠይቅ ምዜ ሳቁ፣ «ዛፉ ከዚህ በላይ አይረዝምም።» ከቤቱ ደጃፍ ግድግዳውን ተከትሎ የድንጋይ መደብ ይሄዳል፣ ባራዛ። ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል፣ ዝናብ መንገዱን ሲሞላው ደግሞ በላዩ ይረማመዱበታል።

በሮቹ! ስለ በሮቹ ብቻ አንድ ክፍል ልሠራ እችላለሁ። ከባድ እንጨት፣ ጠርዙን ዙሪያውን የተቀረጸ፣ አንዳንዱ ላይ ሹል የነሐስ ጉጦች ተደርድረውበታል። ነገሩ ከህንድ የመጣ ነው፣ የጦር ዝሆን በሩን በግንባሩ እንዳይገፋ ነው ይላሉ። ዛንዚባር ላይ በር የሚገፋ ዝሆን የለም። ጌጥ ሆኖ ቀረ። የአንዱ በር ጠርዝ ላይ ሰንሰለት ተቀርጿል። ምዜ ጣታቸውን አሳረፉበትና «ለቱሪስት የባሪያ ነጋዴ ቤት ነው እላለሁ፣ ሌላው ሰው ግን ቤቱን ከክፉ የሚጠብቅ ምልክት ነው ይላል» አሉኝ። ይህን ያሉኝ እኔን ከቱሪስት ባይቆጥሩኝ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ካቴድራሉ ጋ ደረስን። የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ነው። ሱልጣን ባርጋሽ በ1873 በእንግሊዝ ግፊት ገበያውን ዘጋ፣ በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ተጀመረ። ባርነቱ ራሱ ግን በአዋጅ የቀረው በ1897 ነው። መገረፊያው እንጨት የቆመበት ነው በሚባለው ቦታ ላይ መንበሩ ቆሟል። በግቢው ጉድጓድ ውስጥ አምስት የድንጋይ ሰዎች አሉ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ፣ አንዲት ስዊድናዊት ቀራፂ በ1998 የሠራችው። ከአጠገቡ ካለው ሕንፃ ሥር ሁለት ዝቅ ያሉ ክፍሎች ያሳዩአችኋል፣ ባሪያዎች ታጉረውበት ነበር ብለው። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ አየሩ ወፍራም ነው። የታሪክ ምሁራን ግን ይጠራጠራሉ፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው ሕንፃ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ለሚስዮን ሆስፒታል የተሠራ ነው። ይህን ሳውቅ ትንሽ ተናደድኩ። እውነተኛው ገበያ እግሬ ሥር እያለ ጨለማ ክፍል ለምን ያስፈልገኛል?

እዚያ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ምዜ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ሐበሻ ነሽ አይደል?» ነኝ አልኩ። «ያንቺም ሰዎች እዚህ ነበሩ።»

የሱልጣን ሰኢድ ልጅ ሳልሜ፣ በ1866 አገር ጥላ ሄዳ ጀርመናዊ ነጋዴ ያገባችው፣ በ1886 ትዝታዋን በጀርመንኛ አሳትማለች። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ስለነበሩት ሐበሻ ሴቶች ጽፋለች፣ የሱልጣኑ ቁባቶች። ከደጋ ወርደው፣ በምፅዋ ወይ በታጁራ ወይ በዘይላ በባሕር ተሻግረው በየአገሩ የተሸጡ ብዙ ናቸው። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሰው ታሪክ ነበር የምሰማው። እያዘንኩ ነው የምሰማው፣ ግን የሰው ነው።

እዚያ ያወረዳቸው ማን ነው? ጥያቄው መጣብኝ። ወደቡ ላይ የጫኑት ሌሎች ናቸው። ከመንደራቸው ማርኮ፣ ነድቶ፣ ሸጦ እስከ ወደቡ ያደረሳቸው ውስጥ ግን የኛው ሰው አለበት። እኛ ጋ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በፈረንጆቹ 1942 ነው፣ ዛንዚባር ካስቀረችው ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ።

ስንጨርስ ምዜ ባራዛ ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን ፈታ አደረጉ። «እናንተ ጋስ» አሉኝ፣ «መንገዱ የሚጀምርበትን የሚያስጎበኝ ሰው አለ? ብመጣ ወዴት ትወስጂኛለሽ?»

ዓድዋን ልጠራ ነበር። ላሊበላን ልጠራ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ እሱን አልነበረም። አጣርቼ እጽፍልዎታለሁ አልኳቸው። ስልክ ቁጥራቸው አለኝ፣ እስካሁን አልጻፍኩም።