መጋዝ፣ ጉማሬና ዳኛው፦ ካርዱን የሚያስመዝዘው እግር ነው ወይስ ስም?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከባህር ዳር ነው፣ ከጣና ዳር። ነፋሱ ማይኩ ውስጥ ከገባ ይቅርታ፤ ዛሬ ሐይቁ ተቆጥቷል።

የዛሬው ጥያቄ ከዲ ኤስ ቲቪ ቤት የመጣ ነው። ቅዳሜ ማታ ነው፤ ሻይ በእጅ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ። አንድ ተከላካይ ተንሸራቶ ገባ። ገና ድጋሚው ሳይታይ ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «ቀይ ነው! ይሄማ የታወቀ ነው!» ሌላው ደግሞ፦ «ሌላ ሰው ቢሆን ቢጫም አይሰጠው!» ተያያዙ። እኔ ሻዬን ይዤ ወጣሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ወጣ።

ያው ታክል፣ ማለትም ኳስ ለመንጠቅ ያው አገባብ። ያው ጉልበት። ያው ቦታ። ስሙ ብቻ ይለያያል። ካርዱስ? ካርዱም ይለያያል?

መልሱን አሁን ብነግራችሁ ቪዲዮውን ትዘጉታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ልውሰዳችሁ። አዎ፣ ቪዲዮው ስለ ኳስ ነው። ታገሱኝ።

[ምስል፦ የደንገል ታንኳ፣ ጠዋት]

አንድ ጠዋት ወደ አባይ መውጫው በኩል በታንኳ ሄድኩ። ሞተር ጀልባ አይደለም። የደንገል ታንኳ፣ ሱሪህ ሳይረጥብ የማትወርድባት። ቀዛፊው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ አያ ነው የምላቸው። መሃል ላይ ውሃው ቡልቅ አለ። እኔ ነፍሴ ልትወጣ! «አያ፣ ጉማሬ ነው?» አልኩ። ቀና እንኳ አላሉም። «አምባዛ ነው ልጄ» ብለው መቅዘፋቸውን ቀጠሉ።

ትንሽ እንደሄድን፣ ከደንገሉ ጥግ፣ ውሃው እንደገና ቡልቅ አለ። እምልላችኋለሁ፣ ያው ነው። ያው አረፋ፣ ያው ክብ ክብ የሚሰፋ ሞገድ። አሁን ግን አያ መቅዘፊያቸውን ከውሃው አወጡ። በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። ከዚያ ታንኳዋን ራቅ አድርገው አዞሩና በሌላ በኩል ወሰዱኝ።

«አያ፣ ያየነው እኮ ያው ነው» አልኳቸው።

«ውሃው ያው ነው» አሉኝ። «ቦታው ግን ስም አለው።»

ወገን፣ ይቺን ቃል ያዙልኝ። ቦታው ስም አለው! እዚያ ጥግ ጉማሬ እንደሚውል ይታወቃል። ስለዚህ እዚያ የሚታየው አረፋ ሁሉ ጉማሬ ነው። እዚህ ደግሞ ጉማሬ የለም ተብሏል፤ ስለዚህ ያው አረፋ አምባዛ ሆነ። ዓይናቸው አረፋውን አየ። ቀሪውን የጨረሰላቸው የቦታው ስም ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?

ግን ልብ በሉ፣ አያ ልክ ናቸው። በጣም ልክ ናቸው! ለአምባዛ ብለው ቢዞሩ የሚያጡት አሥር ደቂቃ ነው። ጉማሬ ላይ ቢሄዱ ታንኳዋም እኔም የለንም፣ ይህ ቻናልም የለም። ለቀዛፊ ስም ማመን ብልህነት ነው። ለዳኛስ? ዳኛ «ለጥንቃቄ ብዬ ልዙር» ያለ ቀን፣ አንድ ተጫዋች ባላጠፋው ጥፋት ከሜዳ ወጥቶ ገላውን ለመታጠብ ይሄዳል።

እሺ፣ ሕጉን በሩጫ። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 12፣ የጥፋቶች ሕግ። በግድየለሽነት ከገባ ቅጣት ምት ብቻ። አደጋውን ከቁብ ሳይቆጥር ከገባ ቢጫ። ከመጠን ያለፈ ጉልበት ከተጠቀመ ወይም የተቃራኒውን ደህንነት አደጋ ላይ ከጣለ ቀይ። በአንድ ጨዋታ ደጋግሞ ካጠፋም ቢጫ አለው፤ ማለትም ዳኛው የዛሬውን 90 ደቂቃ መቁጠር ይችላል። ያለፈውን ቅዳሜ አይቆጥርም። አለቀ። አለፍን።

አሁን ወደ ጥናቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ 38 ዳኞችን ለሁለት ከፈሉ። 50 አጋጣሚዎችን በቪዲዮ አሳዩዋቸው። አንደኛውን ቡድን ዝም አሉት። ሁለተኛውን ግን «ሰማያዊ የለበሱት ሻካራ በመጫወት ይታወቃሉ» አሉት። ይቺን ብቻ። ቪዲዮው ያው ነው።

ምን ሆነ? ስሙን የሰሙት ዳኞች ፊሽካ አላበዙም። የወሰኑት ውሳኔ ቁጥር አልተለያየም። የበዛው ካርዱ ነው። ቢጫውም ቀዩም ሰማያዊዎቹ ላይ በዛ። ስም ጥፋት አልፈጠረም፤ የነበረውን ጥፋት አከበደው። ለዚህ ነው መልሱን የደበቅኳችሁ። እናንተ «ያላደረገውን ነፋበት» ትላላችሁ፤ ችግሩ ግን ባደረገው ላይ የሚጨመረው ነው። ደግሞ ጥናቱ የታየው በቡድን ስም ነው እንጂ በአንድ ተጫዋች ስም አይደለም። ለአንድ ሰውም ይሠራል ብዬ የማስበው እኔ ነኝ። ተከራከሩኝ።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት አለ። 40 ዳኞች ከእንግሊዞቹ የሊቨርፑልና የሌስተር ጨዋታ 47 ፍልሚያዎች አዩ፤ ግማሹ ከደጋፊው ጩኸት ጋር፣ ግማሹ ያለ ድምፅ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ 15.5 በመቶ ያነሰ ጥፋት ነፉ። የባህር ዳር ስታዲየም ሲሞላ ምን እንደሚመስል ለምታውቁ ምንም አልጨምርም። እኔ የጣና ሞገዶቹ፣ የባህር ዳር ከተማ ክለብ ደጋፊ ነኝ፤ የኛ ልጅ ሁልጊዜ ኳሷን ነው የሚነካው።

ቆይ፣ ኳሷን ስል አስታወሳችሁኝ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ። ሁሉንም። ግማሻችሁ አንድ ነገር ነው የምትሉት፦ «ሆን ብሎ አይደለም እኮ!» ሌላው ግማሽ፦ «ኳሷን ቀድሞ ነክቷታል እኮ!» አንዱማ በትልልቁ ሦስት ጊዜ ጽፎታል። እሺ፣ ዛሬ እዚህ ላይ ቁጭ እንላለን። ሻይ አምጡ።

ኳሷን መንካት ነፃ አያወጣም። ኳሷን ነክተህ በዚያው እግር ቁርጭምጭሚት ከሰበርክ ቀይ ነው። ኳሷ ምስክር አትሆንህም።

«ሆን ብሎ አይደለም» ደግሞ... ኧረ ተዉ! ለታክል ሕጉ ሆን ብለሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እንዴት ገባህ፣ በምን ፍጥነት፣ ጫማህ ምን ያህል ከፍ አለ፣ ጉልበትህ ምን ያህል ነው። ዳኛው የንስሐ አባት አይደለም። ልብህን አይመረምርም፤ እግርህን ያያል። አሁን ልብ በሉ። ስም የሚነግረን ስለ ምንድን ነው? ስለ ልብ! «እሱ ክፉ ነው።» «እሱ እንዲህ አይነት ልጅ አይደለም።» ሁለቱም ስለ ልብ ነው የሚያወሩት። ማለትም ሕጉ ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ይዘን ነው የምንጮኸው።

የማንችስተር ዩናይትዱን አማካይ ፖል ስኮልስን ተመልከቱ። በፕሪምየር ሊግ ብቻ ከ90 በላይ ቢጫ አይቷል። ግን ስሙን ስትጠሩ ዲ ኤስ ቲቪ ቤቱ ሁሉ ፈገግ ይላል፦ «ታክል አይችልም እንጂ ጎበዝ ነው!» ተከላካዩ ሰርጂዮ ራሞስ በሪያል ማድሪድ 26 ቀይ ካርድ አይቷል፤ ስሙ ሲጠራ ሰው እግሩን ይሰበስባል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እግር ኳስ ላይ ግን ደጋፊ ነው የሚያወጣው። የራሞስ ስም ከሰማይ ወረደ እያልኩ አይደለም፤ ሠርቶ ነው ያገኘው። ግን ስሙ ያለፈው ዓመት ነው፣ ታክሉ የዛሬ ነው።

«ታዲያ ዳኛ ስም ካየ ዴ ዮንግ እንዴት አመለጠ?» ያላችሁም አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ የኔዘርላንዱ ኒጌል ዴ ዮንግ የስፔኑን የዣቢ አሎንሶን ደረት በጫማው መታ። ከጥቂት ወራት በፊት በወዳጅነት ጨዋታ የአሜሪካዊውን የስቱዋርት ሆልደንን እግር ሰብሯል። ስም ከተባለ ከዚህ በላይ ስም የለም። የፍጻሜው ዳኛ ሃዋርድ ዌብ ግን ቢጫ ሰጠው። በኋላ ራሱ እንደተናገረው በደንብ አላየውም፤ ቢያየው ቀይ ነበር። የኡራጓዩ አጥቂ ሱዋሬዝም እንደዚያው ነው። በ2010 ነክሷል፣ በ2013 ነክሷል፣ በ2014 የዓለም ዋንጫ የጣሊያኑን ተከላካይ ኪየሊኒን ሲነክስ በሜዳው ላይ ካርድ የመዘዘ የለም። ስም ያየኸውን ያከብደዋል እንጂ ያላየኸውን አያሳይህም። ሱዋሬዝን 9 ጨዋታና 4 ወር የቀጣው የፊፋ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ደግሞ መዝገብ መግለጥ ይፈቀድለታል፤ ያለፈውን ጥፋት ደምሮ ቢያከብድ ሥራው ነው። ፊሽካ የያዘው ሰው ግን መዝገብ የለውም፤ ያለው ግማሽ ሰከንድ ነው።

«ቫር፣ የቪዲዮ ዳኛው፣ አለ እኮ» እንዳትሉኝ። ለንክኪው ቦታ ዝግታ ምስል ይጠቅማል፤ ጉልበቱን ግን በመደበኛ ፍጥነት ነው የሚያዩት፣ በዝግታ ሁሉም ነገር ግድያ ይመስላላ። እና ቫር ክፍል የተቀመጠውም ሰው ቤቱ ቴሌቪዥን አለው። ስሙን ያውቀዋል።

አሁን ኑዛዜ። ላይክ ሳታደርጉ ግን አልናገርም። አደረጋችሁ? እሺ።

ሰፈራችን ውስጥ መጋዝ የምንለው የግራ ተከላካይ አለ። ለምን መጋዝ እንደተባለ አትጠይቁኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ያውቃል። አንድ እሑድ ጠዋት ዳኛው ቀረና ፊሽካውን ለእኔ ሰጡኝ። ካርድ ስላልነበረ ቢጫ ፌስታል አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መጋዝ ተንሸራቶ ገባ። ኳሷን ብቻ፣ ንጹህ አድርጎ ወሰዳት። አጥቂው ግን መጋዝ ሲመጣ አይቶ ገና ሳይደርስበት ዘለለና ጭቃው ላይ ወደቀ። እኔም ሳላስብ ነፋሁ። ፌስታሉን አወጣሁ። ጥናቱ ዳኞቹ ያልነበረ ጥፋት አልጨመሩም ይላል አይደል? እኔ ከጥናቱም የባስኩ ነኝ።

መጋዝ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ወንድሜ፣ ነካሁት?» አለኝ።

«አልነካኸውም።»

«ታዲያ?»

«ባለፈው ነክተሃል» አልኩት።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ፊሽካ የሰጠኝ ሰው የለም። መጋዝ ግን ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጓል። በየቪዲዮው ሥር መጀመሪያ የሚጽፈው እሱ ነው፤ የሚጽፈውም አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ነካሁት?»