የቼሳፒክ ውሃ የኛም ጉዳይ ነው

እንደምን አመሻችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ። ዛሬ ስለ ባህር ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ተቀምጠን ባህር ምን አገባን የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ፣ ምክንያቱም ዝናብ ሲዘንብ እዚህ ፓርኪንጉ ላይ የሚወርደው ውሃ መጨረሻው ፖቶማክ ነው፣ ፖቶማክ ወንዝ ደግሞ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው ባህረ ሰላጤ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ያገባናል።

ከኛ ወደ ደቡብ፣ ዮርክ ወንዝ ዳር፣ ግሎስተር ፖይንት የሚባል ቦታ ቪምስ የሚሉት ላቦራቶሪ አለ፣ የቨርጂኒያ የባህር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ማለት ነው፣ በፈረንጅ 1940 ነው የተቋቋመው። እነሱ የሰሩትን አንድ ስራ ልንገራችሁ።

ኢልግራስ የሚባል የባህር ሳር አለ። ስር አለው፣ ያብባል፣ ዘር ያፈራል፣ ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው። ትንንሽ ሸርጣንና አሳ ከሚበላቸው የሚደበቁት እሱ ውስጥ ነው፣ አሸዋውን ይይዛል፣ ማዕበሉን ያበርዳል። (ሸርጣን ብዙዎቻችን አንበላም አውቃለሁ፣ ግን እዚህ ቤይ ላይ ስንት ቤተሰብ በሱ ነው የሚተዳደረው።)

ኢስተርን ሾር፣ ቤዩንና ውቅያኖሱን የሚለየው መሬት ማለት ነው፣ እሱ ላይ በአትላንቲክ በኩል ባሉት ጥልቀት የሌላቸው ውሃዎች ላይ፣ 1930ዎቹ ውስጥ ይሄን ሳር በሽታ ገባበት፣ 1933 ላይ ደግሞ ከባድ ሀሪኬን መጣና የተረፈውን ጠራርጎ ወሰደው። እሱን ተከትሎ ስካሎፕ የሚባለው ባለ ቅርፊት እንስሳ ጠፋ፣ ስካሎፕ እየለቀመ የሚሸጠውም ሰው ስራ ፈታ። ከ60 አመት በላይ ቦታው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

1999 ላይ ቪምሶች ኔቸር ኮንሰርቫንሲ ከሚባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ጋር ሆነው ሳሩን መመለስ ጀመሩ። ስፕሪንግ ሲያልቅ፣ ቤዩ ውስጥ ከተረፈው ሳር ላይ ዘር የያዘውን ዘንግ ይለቅማሉ፣ ማስክና ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) አድርገው፣ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ አንድ በአንድ። የለቀሙትን የባህር ውሃ የሚዘዋወርበት ገንዳ ውስጥ ይከቱታል፣ ዘሩ እየበሰለ ወደ ታች ይወርዳል፣ አጣርተው ሰመሩን ያቆዩታል፣ ፎል ላይ በጀልባ ወጥተው በእጃቸው ይበትኑታል። ዘሯ የሩዝ ፍሬ እንኳን አታክልም! እንደዚህ እያሉ ከ70 ሚሊየን በላይ ዘር ዘሩ። የዘሩበት ቦታ ተደምሮ 200 ሄክታር ገደማ ነው፣ 2020 ላይ ጥናታቸውን ሲያወጡ ግን ሳሩ በራሱ ተስፋፍቶ 3,600 ሄክታር ሸፍኖ ነበር፣ ውሃው ጠርቷል፣ አሳው ተመልሷል፣ ስካሎፑንም ዋቻፕሪግ ያለው ቅርንጫፋቸው አራብቶ ለቆታል። እኔ ይሄን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል፣ የጠፋ ነገር በሰው እጅ ሲመለስ ስንቴ ነው የምናየው?

ታዲያ ለምን ቤዩ ውስጥም አይዘሩትም ትሉኝ ይሆናል። ዘርተዋል፣ በብዛት አልያዘም። ኢስተርን ሾር በውቅያኖሱ በኩል ትልቅ ወንዝ አይገባበትም፣ ትልቅ ከተማም የለም፣ ቤዩ ግን ከ6 ስቴትና ከዲሲ፣ ከ18 ሚሊየን በላይ ሰው ከሚኖርበት መሬት ነው ውሃ የሚመጣበት። የእርሻው ማዳበሪያ፣ የከብቱና የዶሮው ኩስ፣ የፍሳሹ ውሃ፣ የየጓሮአችን ፈርቲላይዘር፣ ሁሉም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይዞ ይገባል፣ አልጌ የሚባለው ውሃ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ይፈላል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ከስር ያለው ሳር ብርሃን አጥቶ ይሞታል። ጣና ላይ እምቦጭን ካፋፉት ነገሮች አንዱ ይሄው ነው'ኮ፣ ከማሳው እየታጠበ የሚገባው ማዳበሪያ። እዛ አረሙን አደለበ፣ እዚህ የሚፈለገውን ሳር ገደለ።

ሙቀቱም አለ፣ ኢልግራስ ሙቀት አይችልም፣ 2005 እና 2010 ሰመር ላይ ቤዩ ውስጥ በጣም ተጎድቷል። ቪምስ በየአመቱ ከአውሮፕላን ፎቶ እያነሳ የቤዩን የውሃ ውስጥ ሳር፣ ኢልግራሱንም ሌላውንም አይነት፣ በሙሉ ይለካል፣ 2017 ላይ ከ100,000 ኤከር በላይ ሆነ ተብሎ ትልቅ ደስታ ነበር፣ ከዛ 2018 ዝናቡ በዛ፣ ከየመንገዱና ከየእርሻው ያለው ቆሻሻ ታጥቦ ገባ፣ 2019 ላይ ሲለካ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ጠፍቷል። በሁለት አመት! ሳይንቲስቶቹ ዘር መልቀም ይችላሉ፣ መዝራት ይችላሉ፣ የኛን ሰፈር ጎርፍ ግን ማጣራት አይችሉም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለ። ቤት የገዛችሁ፣ ውድብሪጅም ስፕሪንግፊልድም ያላችሁ፣ ጎረቤት አደረገ ብላችሁ ሳሩ ላይ ፈርቲላይዘር አትድፉበት፣ መጀመሪያ የአፈር ምርመራ አድርጉ፣ የካውንቲው ኤክስቴንሽን ኦፊስ፣ ስለ እርሻና ስለ ጓሮ የሚያማክረው ቢሮ፣ ያግዛችኋል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ደግሞ በፍጹም እንዳታደርጉ። ሬስቶራንት ያላችሁ፣ ድስቱንና ምንጣፉን ከጓሮ እያጠባችሁ ውሃውን መንገድ ዳር ያለው የጎርፍ ቱቦ ውስጥ አትልቀቁት፣ እሱ ቱቦ አብዛኛው ቦታ ላይ ሳይጣራ ነው ቀጥታ ወንዝ የሚገባው። መኪናችሁ ላይ ራሳችሁ ዘይት የምትቀይሩም እንደዛው።

ወጣቶቹ ደግሞ፣ ዘር ለቀማው ላይ ቮለንተሮች ተሳትፈው ያውቃሉ፣ ወንዝ ዳር ዛፍ የሚተክሉና ቆሻሻ የሚያነሱ ቡድኖችም እዚሁ አጠገባችን አሉ። እንደ ኮሚኒቲ አንድ ቡድን ሆነን ብንሄድ ደስ ይለኛል፣ በር ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ፣ ስትወጡ ስማችሁን ጻፉልኝ። አመሰግናለሁ።