ቢግፉትን በትሬይል ካሜራ መፈለግ፦ ባዶ የቀረ ካሜራ ምን ይነግረናል?

[በስክሪኑ ላይ፦ ሌሊት በኢንፍራሬድ ብርሃን የተነሣ የደን ፎቶግራፍ። በመካከሉ ጭንቅላቱን ወደ መሬት የደፋ፣ ቅልጥሞቹ የረዘሙ ከሲታ እንስሳ ይታያል።]

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በአሌጌኒ ብሔራዊ ደን አካባቢ አንድ አዳኝ የአጋዘኖችን እንቅስቃሴ ለመከታተል ዛፍ ላይ ያሰረው ትሬይል ካሜራ፣ ማለትም እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ተቀስቅሶ የሚያነሣ ካሜራ፣ በስክሪኑ ላይ የምትመለከቱትን ዓይነት ምስል አነሣ። በሰሜን አሜሪካ ደኖች ይኖራል የሚባለውን፣ መኖሩ ግን ያልተረጋገጠውን ግዙፍ ሰው መሰል ፍጡር ቢግፉትን በመፈለግ የታወቀ አንድ ድርጅት ምስሉ የሚያሳየው ድብን ሳይሆን ለጦጣና ለዝንጀሮ ወገን የሚቀርብ ወጣት ፍጡርን ነው ሲል፣ የግዛቲቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽን በበኩሉ በከባድ እከክ ጸጉሩ የረገፈ ድብ ነው የሚል መልስ ሰጠ። ያው ካሜራ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ቦታ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ የድብ ግልገሎችን አንሥቶ ስለነበር፣ የኮሚሽኑ መልስ ለአብዛኛው ሰው አሳማኝ ሆኖ ተገኝቷል። ክርክሩ ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልበረደም።

እንዲህ ያለው አወዛጋቢ ምስል የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ቢግፉትን ፍለጋ ካሜራ የሚሰቅል ሰው ከወራት በኋላ ተመልሶ ሚሞሪ ካርዱን ሲከፍት የሚያገኘው አጋዘን፣ ሽኮኮ፣ ድብ እና በንፋስ የሚወዛወዝ ቅጠል ነው። በዚህ ቪዲዮ የምንመረምረውም ይህንኑ ነው፦ የሚፈለገው ነገር ያልታየበት ካሜራ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር ይችላል ወይስ አይችልም? የሚቆጠር ከሆነስ በምን ሁኔታ? የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

[ካርታ፦ ሰሜናዊ ካሊፎርኒያ፣ ብላፍ ክሪክ።]

የታሪኩን መነሻ በአጭሩ እናስታውስ። በ1958 በብላፍ ክሪክ መንገድ ይሠሩ የነበሩ ሠራተኞች ግዙፍ የእግር ዱካ አገኘን ማለታቸው በአካባቢው ጋዜጣ ከተዘገበ በኋላ ቢግፉት የሚለው ስም በመላ አገሪቱ ተሰራጨ። በ2002 ሬይ ዋላስ የተባለው የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ሲሞት ቤተሰቦቹ ዱካውን ያተመው እሱ እንደነበር ተናግረው፣ የተጠቀመባቸውን ከእንጨት የተጠረቡ እግሮች ለሕዝብ አሳይተዋል። እስከ ዛሬ ብዙ የሚያከራክረው አጭር ፊልምም በጥቅምት 1967 በሮጀር ፓተርሰን እና በቦብ ጊምሊን የተቀረጸው በዚሁ በብላፍ ክሪክ ነው። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ምስል ለማግኘት አንድ ሰው ካሜራ ይዞ በትክክለኛው ቅጽበት በቦታው መገኘት ነበረበት፤ ዛሬ ግን ያ ሰው ቤቱ ተኝቶ ካሜራው ብቻውን ይጠብቃል።

እንስሳው ራሱን በራሱ እንዲያነሣ የማድረግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ሺራስ የተባለ አሜሪካዊ በሽቦ የሚቀሰቀስ ካሜራና ፍላሽ አዘጋጅቶ በሌሊት የዱር እንስሳትን ያነሣ ነበር፤ በ1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ፎቶግራፎቹን አትሞለታል። የዛሬው ትሬይል ካሜራ ከሽቦው ይልቅ ሙቀትን ይጠቀማል። በካሜራው ፊት ለፊት ያለው ሴንሰር ከእንስሳው ገላ የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር ከአካባቢው ሙቀት ጋር ያነጻጽራል፤ ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው አካል ሴንሰሩ ከሚያያቸው ክፍሎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ካሜራው ይቀሰቀሳል።

ከዚህ አሠራር የሚመነጩትን ድክመቶች ብዙ ፈላጊዎች ችላ ይሏቸዋል። አየሩ በጣም ሲሞቅ በእንስሳውና በአካባቢው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሚጠብ ሴንሰሩ ይደክማል። ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ያለው እንስሳ ሙቀቱን ወደ ውጭ ስለማያስወጣ ከላይ ሲለካ ቀዝቃዛ ሆኖ ይታያል፤ ቢግፉት ደግሞ አየሁት የሚሉት ሁሉ እንደሚገልጹት ከሆነ ጸጉራም ነው። በቀጥታ ወደ ካሜራው የሚመጣ አካል በፊቱ አቋርጦ ከሚያልፈው ይልቅ ዘግይቶ ይታወቃል። በተቃራኒው ደግሞ ፀሐይ ያሞቀችው ቅርንጫፍ በንፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ካሜራው ይቀሰቀስና ካርዱን በማይረቡ ምስሎች ይሞላዋል። ስለዚህ ባዶ የቀረ ካሜራ ሁልጊዜ ባዶ ደን ማለት አይደለም።

[ንጽጽር፦ አንድ ሰው በቀንና በሌሊት በአንድ ካሜራ ፊት ሲያልፍ።]

የምስሎቹ መደብዘዝም ምክንያት አለው። በሌሊት ካሜራው የራሱን ኢንፍራሬድ አምፖሎች ያበራል። 850 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን የሚጠቀሙት ካሜራዎች ሲበሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ይታይባቸዋል፤ 940 ናኖሜትር የሚጠቀሙት በሰው ዓይን አይታዩም፣ ነገር ግን ብርሃናቸው የሚደርስበት ርቀት አጠር ያለ፣ ምስላቸውም ጠቆር ያለ ይሆናል። ብርሃኑ አነስተኛ በመሆኑ ካሜራው መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ማድረግ ይገደዳል፤ በዚህ መካከል የተንቀሳቀሰ አካል ዳርቻው ይጠፋል፣ እጁ ይረዝማል፣ ፊቱ ይደበዝዛል። አንድ አጋዘን ወደ ኋላ ሲዞር የተነሣበትን ምስል ያየ ሰው፣ ቢግፉት ነው ተብሎ ከቀረበው ግማሹ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

እንግዲህ መሣሪያው ይህን ያህል ድክመት ካለው ለምን እንተማመንበታለን? ስላገኛቸው ነገሮች ነው።

[ምስል፦ በረዶ ላይ የቆመ ዎልቨሪን።]

ዎልቨሪን በበረዷማ ተራሮች የሚኖር፣ መካከለኛ ውሻ የሚያክል ሥጋ በል እንስሳ ነው። በካሊፎርኒያ ከ1920ዎቹ ጀምሮ መኖሩ በማስረጃ ተረጋግጦ አያውቅም ነበር። በየካቲት 2008 በታሆ ብሔራዊ ደን ማርተን የተባለውን ሌላ ትንሽ አውሬ ታጠና የነበረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያቆመችው ካሜራ አንድ ዎልቨሪን አነሣ። ከዚያም የጸጉርና የዓይነ ምድር ናሙና ተሰብስቦ በተደረገው የዘረመል ምርመራ እንስሳው ወንድ እንደሆነና የዘር ግንዱ ወደ አይዳሆ ተራሮች እንደሚመራ ታወቀ። ይኸው ብቸኛ እንስሳ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በካሜራ ሲቀረጽ ኖሯል። ይህን ነጥብ ልብ ልንለው ይገባል፤ በሰፊው የካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ ተራራ ውስጥ አንድ ነጠላ እንስሳ ደጋግሞ ከተነሣ፣ ለብዙ ትውልድ ሊራባ የሚችል ቁጥር ያለው ግዙፍ ፍጡር እንዴት አንዴም በግልጽ አልተነሣም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዋሽንግተን ግዛት በቢግፉት ወሬ ቀዳሚ ከሚባሉት ግዛቶች አንዷ ናት፤ እንዲያውም የስካማኒያ አውራጃ በ1969 ቢግፉትን መግደል የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። በዚችው ግዛት በሚገኘው በማውንት ሬኒየር ብሔራዊ ፓርክ የተተከሉ ካሜራዎች ዝርያው ከፓርኩ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የታየችን እናት ዎልቨሪን አሳይተዋል፤ በ2020 ሁለት ግልገሎች ማፍራቷ ይፋ ተደርጓል። ተመራማሪዎቹ ማባበያውን ሥጋ እንስሳው ተንጠራርቶ ካልሆነ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሰቅሉታል፤ ሲንጠራራ ደረቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ስለሚታይ አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል። ፍለጋ ማለት እንዲህ ነው፤ ካሜራው የሚተከለው እንስሳው ካለፈ ማንነቱን በማያሻማ መንገድ እንዲያሳውቅ ተደርጎ ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሱዳን ድንበር ላይ በሚገኘው በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በ2016 ይፋ የሆነው በካሜራ በተነሡ ምስሎችና በተገኙ ዱካዎች ነው።

[ግራፊክ፦ 300 ትናንሽ ካሜራዎች፤ በሁሉም ላይ ዜሮ።]

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። በስታቲስቲክስ የሦስት ደንብ የሚባል ቀላል ዘዴ አለ። አንድን ነገር በተወሰኑ ቦታዎች ፈልገን አንዴም ካላገኘነው፣ ሦስትን በቦታዎቹ ቁጥር እናካፍላለን፤ የምናገኘው ውጤት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ ነገሩ በአንድ ቦታ የመታየት ዕድሉ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው። በ300 ቦታዎች ካሜራ ተክለን ቢግፉት በአንዱም ካልታየ፣ በአንድ ቦታ የመታየት ዕድሉ ከ1 በመቶ አይበልጥም ማለት እንችላለን። ዜሮ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ጣሪያውን ይነግረናል፣ ካሜራ በጨመርን ቁጥርም ጣሪያው ይወርዳል። በ2019 ስናፕሾት ዩኤስኤ በተባለው ጥናት በ50ዎቹም ግዛቶች ከ1500 በሚበልጡ ቦታዎች ካሜራ ተተክሎ ነበር። እርግጥ ከእነዚህ ከፊሎቹ በከተማ ዳርቻና በሜዳ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ሁሉንም ለቢግፉት ፍለጋ መቁጠር አግባብ አይሆንም። ዋናው ቅድመ ሁኔታም ይኸው ነው። ስሌቱ የሚሠራው ካሜራዎቹ እንስሳው ሊያልፍባቸው በሚችሉ ቦታዎች ከተተከሉ፣ በትክክል እየሠሩ ከነበረና ካለፈ ሊያነሡት ይችሉ እንደነበር ማሳየት ከተቻለ ብቻ ነው። ይህን ማሳያው ደግሞ በዚያው ካሜራ ላይ የተገኙት ሌሎች እንስሳት ናቸው። በዚያ አካባቢ እጅግ ብርቅ የሆነውን የታወቀ እንስሳ ያነሣ የካሜራ ስብስብ ቢግፉትን አላየሁም ሲል ቃሉ ክብደት አለው፤ አጋዘን እንኳ ያላነሣ ካሜራ ግን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ለዚህ የሚቀርበው የተለመደ መቃወሚያ ቢግፉት ብልህ ስለሆነ ካሜራውን ያውቅበታል የሚል ነው። መቃወሚያው ሙሉ በሙሉ የሚናቅ አይደለም። ካሜራዎች ጥቃቅን ድምፅ እንደሚያሰሙና የአንዳንዶቹም ብርሃን ለእንስሳት እንደሚታይ በጥናት ታውቋል። በ2003 በታተመ ጥናት ኮዮቴ ከተባሉት ቀበሮ መሰል እንስሳት መሪ የሆኑት ከሌሎቹ ይልቅ ካሜራን እንደሚሸሹ ታይቷል። ነገር ግን ለሰው የሚቀርቡት እንስሳት በካሜራ ፊት የሚያደርጉትም ተጠንቷል። በ2019 የታተመ ጥናት በአፍሪካ ደኖች ያሉ ቺምፓንዚዎች፣ ጎሪላዎችና ቦኖቦዎች አዲስ ካሜራ ሲያዩ የሚያሳዩትን ባሕርይ መርምሮ፣ አንዳንዶቹ አፍጥጠው እንደሚመለከቱት፣ ሌሎቹ ጠጋ ብለው እንደሚነካኩትና እንደሚነክሱት፣ ቦኖቦዎች ደግሞ በስጋት ራቅ ብለው እንደሚቆሙ ገልጿል። የሚነካካውም የሚሸሸውም ሁሉም ተቀርጿል፤ ጥናቱ ሊሠራ የቻለውም ለዚህ ነው። አንድን መሣሪያ ከርቀት ለይቶ ሁልጊዜ፣ በሁሉም ደን፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያለአንዳች ስሕተት የሚሸሽ እንስሳ እስካሁን አይታወቅም። የማይታየው ብልህ ስለሆነ ነው የሚለው ክርክር ደግሞ ምንም ዓይነት ውጤት ሊያፈርሰው ስለማይችል፣ እኔ በበኩሌ ከፍለጋው የሚያስወጣ እንጂ ፍለጋውን የሚያግዝ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከድቡም ጉዳይ መሸሽ አይቻልም። በ2009 የታተመ ጥናት ቢግፉት ታየባቸው የተባሉትን ቦታዎች ተጠቅሞ ለፍጡሩ የሚስማማውን አካባቢ በኮምፒውተር ሲተነብይ፣ ካርታው ከጥቁር ድብ ካርታ ጋር በእጅጉ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ድብ በሁለት እግሩ ይቆማል፤ በኒው ጀርሲ ከ2014 ጀምሮ በተደጋጋሚ የታየ አንድ የፊት እግሩ የተጎዳ ድብ እንደ ሰው በሁለት እግሩ በመንደር መካከል ይመላለስ ነበር። የዚህን ድብ ቪዲዮ ያላየ ሰው ቢያየው ይጠቅመዋል።

[ማሳያ፦ ካሜራ ሲታሰር፣ በመለኪያ ዘንግ ሲፈተሽ።]

እንግዲህ በቁም ነገር መፈለግ ለሚፈልግ ሰው ሥራው ከመትከሉ በፊት ይጀምራል። በመጀመሪያ ከመሬቱ ባለቤት ወይም ከደኑ አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ፓርኮች ያለ ፈቃድ ካሜራ መተው ክልክል ነው። ካሜራው በሰሜናዊው የምድር ክፍል ወደ ሰሜን ቢያይ የፀሐይ ብርሃን አያስቸግረውም። ከመንገዱ ዳር ሆኖ መንገዱን በሰያፍ ቢመለከት፣ የሚያልፈው አካል በፊቱ ያቋርጣል፣ በምስሉ ውስጥም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የሚፈለገው ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት አለው የሚባል ፍጡር ስለሆነ፣ ለአጋዘን በሚበቃው ርቀት የተተከለ ካሜራ እግርና ወገብ ብቻ ሊያነሣ ይችላል፤ ወደ ኋላ ማራቅ ይገባል። ቁመቱ በየሜትሩ የተመለከተበት ዘንግ በእይታው ውስጥ ቆሞ አንድ ምስል ይነሣና ይቀመጥ። የፔንሲልቬንያው ምስል ክርክር ካበዛበት ምክንያት አንዱ የእንስሳው መጠን ነበር፤ እንዲህ ያለ መለኪያ ከመጀመሪያው ቢኖር ክርክሩ ባጠረ ነበር። ሁለተኛ ካሜራ ከሌላ አቅጣጫ መጨመር ደግሞ ከማንኛውም ውድ ካሜራ ይበልጣል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ካሜራ ማታለል አስቸጋሪ ነውና። ለብርዱ ወራት የሊቲየም ባትሪ ይመረጣል። ካሜራው የሠራባቸውና የተበላሸባቸው ቀናት በመዝገብ መያዝ አለባቸው፤ ያለዚህ መዝገብ ያ ሁሉ ስሌት ዋጋ አይኖረውም።

አጠራጣሪ ነገር ከተነሣ ካርዱ ሳይነካካ ይቀመጥ፣ ዋናው ፋይል ከነሰዓቱና ከነቀኑ ይጠበቅ፣ ከፊቱና ከኋላው የተነሡት ምስሎችም ሳይቆረጡ አብረው ይቅረቡ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው እነሱ ላይ ነው። ካሜራውም ከታሰረበት ሳይነቀል ሰው በዚያው ቦታ ቆሞ ለንጽጽር ይነሣ። በመጨረሻ ግን ፎቶግራፍ ብቻውን አዲስ ዝርያን አያስመዘግብም፤ ጸጉር ወይም ሌላ የአካል ናሙና ያስፈልጋል። በ1976 ፒተር በርን የተባለ የቢግፉት ፈላጊ ለአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ የጸጉር ናሙና እንዲመረመርለት ጠይቆ፣ ውጤቱ የአጋዘን ወገን ጸጉር ሆኗል፤ ፋይሉ በ2019 ለሕዝብ ተለቋል። በ2014 የኦክስፎርዱ የዘረመል ተመራማሪ ብራያን ሳይክስና ባልደረቦቻቸው ከዓለም ዙሪያ ከተላኩላቸው ናሙናዎች የ30ውን ዘረመል ማንበብ ችለው ያገኙት ድብ፣ ፈረስ፣ ላም፣ ራኩን፣ ጃርትና የመሳሰሉ የታወቁ እንስሳትን ነው። ከ30ዎቹ አንዱ የሰው ጸጉር ነበር። ስለዚህ ጸጉር የሚያነሣ ሰው ጓንት ያድርግ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ያሽገው፣ ወደ ቤተ ሙከራ ሲልክም ለማነጻጸሪያ የራሱን ጸጉር በሌላ ፖስታ አብሮ ይላክ።